ትኬት ያልቆረጠችው ሴት

በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 4፥8–37፤ 8፥1–6

መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ አራትን ግለጡ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ የምትሰሙም አላችሁ፤ እናንተ ቤት ስትገቡ ታነቡታላችሁ።

ወደ ቃሉ ከመግባቴ በፊት አንድ የአድማጭ ጥያቄ ላቅርብ። ጠያቂው እዚሁ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ የሚኖር ወጣት ነው። ሥራው ልስን ነው። ስሙን አልጠራም። እህቱ ካናዳ፣ ካልጋሪ ትኖራለች፤ በየዓመቱ ለሆስፒታል መርጃ የሚሆን የቤት ሎተሪ ትቆርጣለች። ዘንድሮም ቆርጣ የቤቱን ፎቶ ላከችለትና «ጸልይልኝ፣ ከወጣልኝ ለእናንተም ቤት እሠራላችኋለሁ» አለችው። ልጁ ግራ ገባው። «ፓስተር፣ ልጸልይላት ወይስ ልገሥጻት? ገንዘቡ እኮ ለበሽተኛ ነው የሚሄደው። ደግሞስ ቤቱን በነፃ የሚሰጠው ማነው? እኔ የምውለው ግንባታ ላይ ነው፤ በነፃ ቤት የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላል።

ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ደስ አለችኝ። ሰው ሁሉ «ሎተሪ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ይህ ልጅ ግን የግንባታ ሰው ነውና ቤቱን ማን ሰጠው አለ። ከዚያው ልጀምር።

በሰሜን አሜሪካ ይህ ነገር የቆየ ልማድ ነው። ካናዳ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ ቶሮንቶ ያለው የፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ሆስፒታል፣ ቤት የሚያሸልም ሎተሪ ያዘጋጃሉ። በአሜሪካ ደግሞ ሜምፊስ ከተማ ያለው ሴንት ጁድ የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1991 ሽሬቭፖርት በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ጀምሮት ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፋ። አሠራሩን ስሙ። አንድ የአካባቢው ቤት ሠሪ ተነሥቶ «እኔ እሠራለሁ» ይላል። ከዚያ እንጨት ሻጩን፣ የቀለም ነጋዴውን፣ ኤሌክትሪሺያኑን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን እየዞረ ይለምናል። አንዱ ዕቃ ይሰጣል፣ አንዱ ጉልበት ይሰጣል፣ አንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ቤቱ ሲያልቅ ትኬት በመቶ ዶላር ይሸጣል። አንድ ሰው ቤቱን ይወስዳል፣ ገንዘቡ ለሆስፒታሉ ይሆናል። በዚያ ሆስፒታል ካንሰር የያዘው ልጅ ወላጆች የሕክምና ሂሳብ ክፈሉ አይባሉም። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት በጣም የተለመደው የሕፃናት የደም ካንሰር ከያዛቸው መቶ ልጆች የሚተርፉት አራት ያህል ነበሩ፤ ዛሬ በዚያ ሆስፒታል ከዘጠና በላይ ናቸው። ይህን ሰምቶ እግዚአብሔርን የማያመሰግን ሰው ልቡ ደንድኗል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ቤቱ በገበያ ዋጋ የተገዛ ቢሆን ኖሮ የትኬቱ ገንዘብ መጀመሪያ የሚከፍለው የቤቱን ዋጋ ነው። ከዚያ ማስታወቂያው አለ፣ ሽያጩ አለ። ለሕፃኑ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ቤቱ በስጦታ ሲሠራ ግን ያ ወጪ ይቀንሳል፤ የትኬቱ ብር ወደ ሕፃኑ አልጋ ይሄዳል። እንግዲህ ገንዘቡን ወደ አልጋው ያደረሰው ማነው? ስሙ ትኬቱ ላይ ያልተጻፈው አናጢ ነው። ልስን የለሰነው ነው። እርሱ ቁጥር አልያዘም፤ ዕጣ ሲወጣ ልቡ አይመታም። ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ይዞ ሄዷል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ በነፃ ቤት የሚሰጥ ሰው አለ። አንተን የመሰለ ሰው ነው።

ወደ ሎተሪው ልመለስ፤ ካልመለስኩ «ፓስተር ሸሸ» ትላላችሁ። «ዕጣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ኢያሱ በሴሎ ምድሪቱን ለነገዶቹ በዕጣ አካፍሏል (ኢያሱ 18፥10)። ሐዋርያት ማትያስን የለዩት በዕጣ ነው (ሐዋ. 1፥26)። ምሳሌ 16፥33ም ዕጣ የሚጥለው ሰው ቢሆን ውሳኔው የጌታ እንደሆነ ያስተምረናል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። በሴሎ ዕጣ ሲጣል ባዶ እጁን የተመለሰ ነገድ የለም። ለሁሉም ርስት ነበረ፤ ዕጣው የትኛው የማን እንደሆነ ብቻ ለየ። የኮንዶሚኒየም ዕጣም በመሠረቱ ወደዚህ ይጠጋል፤ ሰው ይቆጥባል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ዕጣው ቢያልፈው ቁጠባው ከእርሱ ጋር ነው። (በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። የሰው ልብ ዕጣንም ያጣምማል።) ሎተሪና ቶምቦላ ግን የሚቆሙት ብዙዎች ስላጡ ነው። አንዱ እንዲስቅ ሺዎች ወረቀታቸውን ቀድደው መጣል አለባቸው። የቤቲንግ ቤት ውስጥ ተኮልኩለው የሚውሉት ልጆቻችን የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድሞች ናቸው።

እኔ አልቆርጥም። ለበሽተኛ ተብሎም ቢሆን አልቆርጥም። ሕፃኑን ያከመው ብር ርኩስ ነው እያልኩ አይደለም፤ በዚያ ብር የዳነ ልጅ ድኗል፣ ጌታ ይመስገን። የእኔ ችግር ከራሴ ልብ ጋር ነው። የታመመ ሕፃን ፎቶ እያየሁ ልቤ የሚመታው ለራሴ ሳሎን ከሆነ፣ ያ ፎቶ ምን አደረገልኝ? ሌላው ወንድም በዚህ ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ አብሮኝ ጌታ እራት ይቆርሳል፣ አልጣላውም።

ለእህትህ ጸልይላት። ለቁጥሯ ግን አትጸልይ። ያንን ትኬት የቆረጡት ብዙ ሺዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የሚጸልዩ አሉ፤ ጌታ የማንን ይስማ? ደውለህ በፍቅር፣ «እቴ፣ በሚቀጥለው ዓመት መቶ ዶላሩን ያለ ትኬት ብትሰጪያቸውስ?» በላት። ሆስፒታሉ እንዲህ ያለውን ስጦታ ደስ ብሎት ይቀበላል። እንደ ታናሽ ወንድም በሉኝታ ተናገር እንጂ ስልኩ ላይ አትስበክባት፤ በሰው አገር ሌሊት እየሠራች ነው ብር የምትልክላችሁ።

ይህን ካልኩ ዘንድ አንድ የሚያስከፋ ነገር ልጨምር። ሎተሪ የሚሸጠው አደባባይ ላይ ብቻ አይደለም። መድረካችን ላይም ይሸጣል። «ይህን ያህል ዝሩ፣ ቤት ይሰጣችኋል፤ ቁልፉን በመንፈስ አየሁት» የሚለው ቃል ትኬት ካልሆነ ምንድነው? ልዩነቱ ብሔራዊ ሎተሪ ቢያንስ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ይናገራል። የሴንት ጁድ መሥራች ዳኒ ቶማስ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ፣ በቀልድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ሥራ አጥቶ በተጨነቀበት ጊዜ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ሰባት ዶላር ዲትሮይት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንደሰጠ፣ በማግሥቱም ሥራ እንዳገኘ ይተርክ ነበር። ሰውዬው ካቶሊክ ነው፣ የጸሎቱ መንገድ ከእኛ ይለያል። ይህ ታሪክ ግን ለአንዳንድ ሰባኪዎቻችን ቢደርሳቸው «ሰባት ስጥ፣ ሰባ ውሰድ» ብለው በአንድ እሑድ ይጨርሱታል። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዝና ካገኘ በኋላ የልጆች ሆስፒታል ለማቆም ዓመታት ሙሉ እየዞረ ለመነ። ያገኘውን ሥራ ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም።

አሁን ወደ ሱነም እንሂድ።

ኤልሳዕ በዚያ መንገድ ያልፋል። አንዲት ባለጠጋ ሴት ምግብ ታቀርብለታለች። አንድ ቀን ለባሏ፣ ሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል እንሥራለትና ሲመጣ ይረፍባት አለችው። ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ይህን ክፍል በእናንተ ዓይን እዩት። አሮጌ በረንዳ አጋርዳ «እዚህ ተኛ» አላለችውም። ግንብ አሠራች። ውስጡ ምን አስገባች? አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ። መቅረዟን ተመልከቱልኝ። ለይምሰል የሚሰጥ ሰው አልጋውን አስገብቶ ይወጣል። ማታ ሰውዬው በጨለማ እንዳይደናበር ያሰበ ሰው ነው መብራት የሚያስገባ። እኔ የቤት ሥራ አላውቅም፣ ግን ባለሙያዎች ሲናገሩ እንደምሰማው ጥሩ ግንበኛ የሚታወቀው ነዋሪው ማታ ምን ይሆናል ብሎ በማሰቡ ነው።

ኤልሳዕ ደስ ብሎት ምን ላድርግልሽ አላት። ለንጉሡ ልናገርልሽ? ለሠራዊቱ አለቃ? የእናንተ ሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ አቤት የጉዳይ ብዛት! ካርታ አለ፣ ውል አለ፣ የልጅ ሥራ አለ። እርሷ ግን በወገኖቼ መካከል እኖራለሁ ብላ መለሰች። ምንም አልጠየቀችም። ክፍሏን የሰጠችው ቁጥር ለመያዝ አልነበረም። ልጅ እንኳ እንደሌላት የነገረው ሎሌው ግያዝ ነው እንጂ እርሷ አይደለችም።

ጌታም ልጅ ሰጣት። ልጁ አደገ፣ አንድ ቀን እርሻ ላይ ራሱን ይዞ ጮኸ፤ እናቱ ጉልበት ላይ እስከ ቀትር ቆይቶ ሞተ። ሬሳውን ወዴት ወሰደችው? ወደ ሰገነቱ። ያንን አልጋ ያስገባችው ለሌላ ሰው ነበር። ግንቡ ሲሠራ ልጅ አልነበራትም፤ ስለ ልጅ ሕመም ልታስብ አትችልም። ያቺ ለሰው የሠራቻት ክፍል ግን በክፉ ቀን የልጇ የሕክምና ክፍል ሆነች። ኤልሳዕ በሩን ዘጋ፣ ጸለየ፣ ልጁም ዓይኑን ከፈተ። ሃሌ ሉያ!

ቸኩላችሁ «ስለዚህ ስጡ፣ በእጥፍ ይመለስላችኋል» እንዳትሉኝ። ምዕራፍ ስምንትን አንብቡ። ይህችው ሴት በራብ ምክንያት ሰባት ዓመት ተሰደደች፤ ስትመለስ ቤቷና መሬቷ በእጇ አልነበረም። ቤት የሠራች ሴት ቤት አጣች! ምን አደረገች? ንጉሡ ዘንድ ሄዳ ስለ ቤቷ ጮኸች። መንፈሳዊ ሴት ናት፣ ሙት ሲነሣ ያየች ናት፤ ሆኖም «ለጌታ ትቼዋለሁ» ብላ ዝም አላለችም። በመካከላችን ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ ዕቃቸውን በሸራ ሸፍነው ክረምቱን ያሳለፉ ወገኖች አሉ። አቤት ማለት እምነት ማጣት አይደለም። በሰላም፣ በሕግ፣ ማስረጃችሁን ይዛችሁ አቤት በሉ። እኛ የተጠለልን ደግሞ «ምን ኃጢአት ሠርተው ነው?» ብለን እንዳንጠይቅ ሱነማዊቷን እናስታውስ።

አሁን ስለ ቤትና ስለ ጤና ልናገር፤ የዛሬው ዋና ነገሬ ይህ ነው።

በታክሲ መቆሚያችን ላይ የልጅ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ ሲለምን ታያላችሁ። ልብ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ካንሰር ነው። ስለ ልቡ ልንገራችሁ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የቆመውን ድርጅት ከመሠረቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ይሠራል። ልጆች ለቀዶ ሕክምና ረጅም ተራ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከልብ በሽታ ጋር አልተወለዱም። የጀመራቸው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እኛ ቶንሲል ብለን የምናልፈው። በጊዜው ካልታከመና ከተደጋገመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የልብን በሮች ያበላሻል። ይህ የጉሮሮ ተሕዋስ የት ነው እንደ ልቡ የሚዛመተው? ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ጠባብ ክፍል ነው። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው፤ አየር የማይገባበት ቤት ይወዳል። መስኮት በሌለው ክፍል ከሰል የምታነድ እናትም የልጆቿን ሳንባ እያጨሰች ነው።

እንግዲህ አያችሁ? መኪና ላይ የተለጠፈው ልጅ ታሪክ የሚጀምረው ከሆስፒታል አይደለም። ስምንት ሰው ከሚያድርባት፣ መስኮት ከሌላት አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። መስኮት ያወጣ ግንበኛ ሐኪም ሳይባል አክሟል። እግዚአብሔር ይህን ከጥንት ያውቃል፤ በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሰው ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ አዝዟል። የግንባታ ሕግ ነው ወይስ የጤና ሕግ? ሁለቱንም ነው።

በአገራችን ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በሙያቸው ነርስ ነበሩ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ደሳሳ መንደሮች ውስጥ ሲሠሩ ጤናን ከቤት አልነጠሉም፤ ቤት ማደሱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የውኃ መውረጃው፣ የሕፃናቱ ሕክምና አንድ ሥራ ነበር። አቶ ቢኒያም በለጠም መቄዶንያን ሲጀምሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ አንሥተው ያስገቡት በወላጆቻቸው ቤት ነው። ዛሬ መላው አገር ለመቄዶንያ ሕንፃ ያዋጣል፤ መጀመሪያ ግን አንድ ቤተሰብ በሩን ከፈተ። የእኛ ቤተ እምነት ሰው አይደሉም፤ ቢሆንም እኛ ጉባኤ ስናዘጋጅ ለመድረክ መብራትና ለድምፅ የምናወጣውን ገንዘብ ሳስብ እነዚህን ሰዎች ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ለባለ ሀብቶቻችን፣ ለሥራ ተቋራጮች አንድ ቃል አለኝ። ቤት ለበጎ አድራጎት መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ስጡ። ነገር ግን ኤርምያስ 22፥13ን አንብባችሁ ስጡ። ነቢዩ በዚያ ወዮ የሚለው ባልንጀራውን በነፃ አሠርቶ ዋጋውን ለከለከለ ሰው ነው። የቀን ሠራተኛውን ሁለት ሳምንት ሳትከፍል፣ ከሲሚንቶው ቀንሰህ፣ ከፌሮው አቅጥነህ ቆይተህ በመጨረሻ ካሜራ ፊት ቁልፍ ብትሰጥ፣ የሰጠኸው የራስህን አይደለም፤ የዚያን ልጅ እራት ነው። ዳዊት አውድማውን በነፃ ውሰድ ሲባል ዋጋ ያልከፈልኩበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ እምቢ አለ (2ኛ ሳሙኤል 24፥24)። ሌላ ሰው ዋጋ የከፈለበትን ማቅረብ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ቡራዩ የግንባታ ከተማ ናት። ድንጋዩ ከዚህ ይወጣል፣ አሸዋው በአምቦ መንገድ ያልፋል፣ ሌሊት ሠራተኛ ጭኖ የሚሄደው መኪና ከዚህ ይነሣል። በጉባኤያችን ውስጥ እጃቸውን አንሡ ብል ግንበኛ፣ አናጢ፣ ለሳኝ፣ ቀለም ቀቢ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ብሎኬት አምራች ግማሹን ወንበር ይሞላሉ። ብር የላችሁም፣ አውቃለሁ። በዘጸአት 36 ባስልኤልና አብረውት የሠሩት ሰዎች ሕዝቡ ያመጣው ዕቃ ከሥራው ተርፏል ብለው ሙሴን አስቆሙት፤ ስጦታ ይብቃ የተባለበት ጊዜ ነበር! ከዚያ ዕቃ ውስጥ ግን አንዱም ያለ እጅ ድንኳን አልሆነም። የእናንተ እጅ በወር አንድ ቀን ቢሰጥ ያ ቀን ከመቶ ዶላር ትኬት ይበልጣል።

ስለዚህ በአጥቢያችን ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን ጀምረናል። ሐኪም ቤት ክትትል ያላቸውን፣ ቤታቸው ግን ለበሽታ የተሠራ የሚመስል ወገኖችን እንጎበኛለን፤ የእኛ እምነት ተከታይ ይሁኑ አይሁኑ አንጠይቅም። ፎቶ አናነሣም። የቤቱ ባለቤት ካልፈቀደ አንነካም።

የመጀመሪያዋ እናት ከሦስት ልጆች ጋር በአንዲት የጭቃ ክፍል ትኖራለች። ትልቋ ልጅ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። ክፍሏ መስኮት የላትም፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ምድጃው አልጋው እግር ሥር ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራይዋን ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው አነጋግረዋቸዋል፣ ፈቅደዋል። ሲታደስ ኪራይ እንዳይጨምሩም በዓመት ውል ፈርመዋል። (ይህን ያነሣችው አንዲት እህት ናት፤ እኛ ወንዶቹ አላሰብነውም ነበር።) ሁለት መስኮት እናወጣለን፣ ወለሉን ሊሾ እናደርጋለን፣ ከውጭ ትንሽ ማብሰያ እንከልላለን። ሥራው በዚህ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀመራል። ሲሚንቶ ተገኝቷል፣ አሸዋም አንድ ወንድም ያራግፍልናል። የጎደለን ስድስት ቆርቆሮ፣ አንድ የመስኮት ፍሬም፣ ደህና መሰላልና ሁለት ለሳኝ ነው። እህቶች ለሠራተኛው ምሳ ይዛችሁ ኑ፤ ልጅቷ ጨው የበዛበት ምግብ ተከልክላለች፣ የእርሷን ለብቻ አድርጉት።